ነጋድራስን ማን «ብላ» ይበለው?

አንድ ሰው ነበር። ምሳ ቀርቦለት አልበላም።

ምሳ ያልበላ ሰው ምን ይደንቃል ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝማ! ሰውየው ድሃ አልነበረም። በሽተኛም አልነበረም። ጾምም አልነበረም፤ ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። እንጀራው ተነጥፎ፣ ወጡ ወጥቶ፣ ጠላው ተቀድቶ ከፊቱ ተቀምጧል። ሰውየው ግን ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ቆይቶ አሽከር ይገባና እጅ ነሥቶ ማዕዱን እንደ መጣ ያነሣዋል። እራትም ላይ እንዲሁ። በማግሥቱም እንዲሁ።

ለምን አልበላም?

ሚስቱ ሞታበት ነው።

አያችሁ፣ አሁን ፊታችሁ ተለወጠ። ሐዘን የማያውቅ ማን አለና! እንግዲያው ይህንንም ታውቃላችሁ፤ በእኛ አገር ሐዘንተኛ ራሱ እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም። ሚስቱን አፈር አልብሶ የመጣ ሰው እጁን ታጥቦ ገበታ ላይ ቢሰየም ምን ይባላል? «ልቡ ድንጋይ ነው» ይባላል። ሐዘንተኛ ይለመናል። ጎረቤቱ ከጎኑ ቁጭ ይልና «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ» ይለዋል። እምቢ ይላል። «አፈር ስሆን፣ አብሮ አይሞትም እኮ» ይለዋል። አሁንም እምቢ ይላል። መጨረሻ ላይ ጎረቤትየው አፉን ከፍቶ ያጎርሰዋል። ያም እያለቀሰ ይውጣል።

አንዱ እምቢ ሊል፣ ሌላው እምቢታውን ላይሰማ ተስማምተን ነው የኖርነው። ስንቶቻችን ነን በዚህ ከሞት ደጃፍ የተመለስን! የኔንም እናት ጎረቤት ባያጎርሳት ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልለፈልፍባችሁም ነበር።

ይህን ሰው ግን የለመነው አልነበረም።

ጎረቤት ጠፍቶ? ኧረ ጎረቤትማ! ውጭ የተጣለው ዳስ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ዳኛው አለ፣ ካህናቱ አሉ፣ ነጋዴው አለ፣ የገጠሩ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ንፍሮው ይታደላል፣ ጠላው ይዞራል፣ «እንዴት ያለች ደግ ሴት ነበረች!» ይባላል። ሐዘንተኛው ደግሞ ውስጥ፣ እልፍኝ፣ ምንጣፍ ከተነጠፈበት አልጋ ላይ ተቀምጧል። ብቻውን።

ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው እንዲህ የሆነው? ክፉ ነበር ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ የመጣችሁበት ታክሲ ረዳቱ ምን እያለ ነበር የሚጣራው? «ነጋድራስ! ነጋድራስ! የሞላ!» አይደለም? እዚያ አደባባዩ መካከል ካባውን ደርቦ የቆመው፣ ርግብ ራሱ ላይ የምትውለው ሐውልት፣ እሱ ነው። ድልድዩም በእሱ ነው የሚጠራው። ትምህርት ቤቱም። ከላይ ያለው ምንጭም። ቀጠሮ ስትይዙ «ነጋድራስ ሥር እንገናኝ» ትባባላላችሁ። ከሠርግ መልስም ፎቶ የምትነሡት እዚያው ነው።

መልካም። ስሙ ማን ነበር?

«ነጋድራስ» አትበሉኝ! ነጋድራስ ማዕረግ ነው፤ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። እኔ የጠየቅኋችሁ እናቱ ያወጣችለትን ስም ነው። እስቲ የሚያውቅ አንድ ሰው።

ዝም። እናንተ ከኋላ የቆማችሁትስ? ዝም። ከተማው በሞላ ቀኑን ሙሉ ሲጠራው ይውላል፣ ስሙን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ጠፋ።

እንግዳወርቅ ነበር ስሙ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «መምህር ምነው ነጋድራስን እሱ አሉት» ብላችሁ ስትጠቃቀሱ አይቻለሁ። አዎ፣ እሱ እላለሁ፤ አልተሳሳትኩም። አንቱታውን በሕይወቱ ሳለ ጠግቦታል፤ ጠግቦትም ነው የተራበው። ይህን ታሪክ ያጫወተችኝ አንዲት አሮጊት ናት፤ ማን እንደሆነች ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ይህ እንግዳወርቅ በቅሎ እየነዳ ነው የተነሣው። ቡና ይጭናል፣ ቆዳ ይጭናል፣ በመልሱ ጨው ያመጣል። እግዚአብሔር ረዳው፣ በለጸገ። ባንክ የሚባል ነገር በዚህ አገር ሳይታወቅ የዚህ ከተማ ባንክ እሱ ነበር። የሚነግድ ከእሱ ተበድሮ ይነግዳል። ሹም ግብር ሲጎድልበት ሌላ የት ይሄዳል? ወደ እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው። ምንጩን በድንጋይ ያሠራው እሱ ነው። ድሃ ሲሞት መገነዣው ከእሱ ቤት ይሄዳል።

ይሄዳል ነው ያልኳችሁ። መገነዣው ይሄዳል። እሱ አይሄድም።

ትዕቢተኛ ሆኖ አይደለም፤ አሁንም አትቸኩሉ። ሰውየው ሆደ ቡቡ፣ ዓይነ አፋር ነበር። የሰው እንባ ሲያይ የሚለው ይጠፋዋል፣ እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። ስለዚህ ይልካል። ሰው ሲታመም ወተት ይልካል፤ ሰው ሲሞት ሰንጋ ይልካል። ሰው ደግሞ ሰንጋውን እያየ «ምን ያለ ደግ ጌታ!» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ክብሩ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ። ሲያልፍ ሰው ይነሣል። ሲገባ ወሬው ይቆማል። ሲቀልድ እንኳ አይሳቅም፤ «ምን ማለታቸው ይሆን?» እየተባለ ይተረጎማል! ከነጋድራስ ጋር ቀልድ ማን ደፍሮ ይቀልዳል?

አንድ ሰው ብቻ ነበረችው። ሚስቱ ስንዱ። ልጅ አልወለዱም። ስንዱ ነበረች የምትቆጣው፣ ስንዱ ነበረች የምትስቅበት። ኩርፊያው ሲመጣና ማዕድ ሲመልስ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ና እንጂ ሰውዬ፣ እኔ ልሙትልህ፣ ብላ!» የምትለው እሷ ነበረች።

ሞተች።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ነጋድራስን ማን ብላ ይበለው?

ዳኛው ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያስባል፦ «እኔ ብገባና ብለምናቸው ድፍረት ይሆንብኛል። የነፍስ አባታቸው አሉ አይደል?» ነጋዴዎቹ ያስባሉ፦ «እኛ ምናችን ነን? ዳኛው ይግባ እንጂ!» የገጠሩ ሰው ያስባል፦ «ትልልቆቹ ተቀምጠው!» ማንም በክፋት አይደለም። ሁሉም አክብሮት ነው። ሁሉም ከእኔ የሚበልጥ ሰው ይገባል እያለ የሚበልጠውን ይጠብቃል። ይታያችሁ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ በር እያየ!

ማጀት ደግሞ ሴቶቹ ማዕዱ ሳይነካ ሲመለስ አዩ። አንዷ ምን አለች? «ሱባኤ ይዘዋል!» አለች። አበቃ። ወሬው ከማጀት ወጣ፣ ዳሱን ዞረ። «ነጋድራስ ሱባኤ ገብተዋል፣ እህል አይቀምሱም፣ ሰው አያነጋግሩም!» ሰዉ በአድናቆት ከንፈሩን መጠጠ። ይባስ ብሎ ዳሱ ውስጥ በሹክሹክታ መነጋገር ጀመሩ፤ ጸሎታቸውን እንዳንረብሽ ብለው።

የነፍስ አባቱስ? የነፍስ አባቱማ ይህን ሲሰሙ ተቀየሙ! «እኔን ሳያማክሩ፣ ያውም በበዓለ ሃምሳ ሱባኤ? ከየትኛው መነኩሴ ተቀብለው ይሆን?» ብለው ጥምጥማቸውን አስተካክለው አኩርፈው ተቀመጡ። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስሰማ ስቄአለሁ። በኋላ ግን መሳቁን ተውኩ።

ምክንያቱም ውስጥ ያለው ሰው ሽማግሌ ነው። ውኃ ብቻ እየተጎነጨ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ገብቶ ከጎኑ እንዲቀመጥ። ይህን ደግሞ መናገር አይችልም። «ኑና ለምኑኝ» ይባላል እንዴ? እናንተ ትላላችሁ? በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። አሽከር ነው። ማዕድ ያስቀምጣል፣ እጅ ይነሣል፣ ይወጣል። አገር ሙሉ ሰው ለቅሶውን ሊደርስ መጥቶ፣ ሰውየው እልፍኙ ውስጥ እየደከመ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መጣች። ዘርፌ ትባላለች። እግሯ አቧራ ለብሷል፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አጣፍታለች። ዳሱን አልፋ በቀጥታ ወደ እልፍኙ። አጋፋሪው እጁን ዘርግቶ አገዳት።

«ወዴት ነው እቴ? ዳሱ ውስጥ ተቀመጪ እንጂ።»

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»

«ለቅሶውማ ዳሱ ነው!»

«ሚስት የሞተችበት ዳሱ ነው እንዴ?» አለችው።

አጋፋሪው ሠላሳ ዓመት በር ሲጠብቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው የለም። «ሱባኤ ላይ ናቸው፣ ሰው አያናግሩም» አላት።

«እኔም ወሬ ላወራ አልመጣሁም» ብላ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች።

ገባች። እጅ ነሣች። ከዚያ ወንበር አልፈለገች፣ በር ሥር አልቆመችም፤ ከአልጋው እግር አጠገብ መሬት ላይ፣ ጉልበቱ ሥር ቁጭ አለች። እሱ ከአልጋው ወረደ። ቀስ ብሎ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ወረደና መሬት ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ማን ነሽ?» አላት።

«የባይለየኝ ሚስት ነኝ።»

ይህን ስም ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

ባይለየኝ ማን ነበር? የነጋድራስ በቅሎ ጫኝ ነበር። ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ድልድዩ ሳይሠራ፣ ክረምት ላይ የነጋድራስን ቡና ጭኖ ሲሻገር ወንዙ ከነበቅሎው ወሰደው። ዛሬ ታክሲ በሚያልፍበት ቦታ። ነጋድራስ የዚያን ጊዜ ለዘርፌ በሬ ላከላት። እህል ላከላት። ልጆቿን ዓመት ከዓመት አለበሰ። ወንዙ ላይም ያን ድልድይ አሠራ፤ ከተማውም በማዕረጉ ጠራው። ምን የጎደለ ነገር አለ? በሰው ዓይን ምንም።

ዘርፌ እንዲህ አለችው፦ «እግዜር ያክብርልኝ፣ ልጆቼ በእርስዎ አድገዋል። ድልድዩን በተሻገርኩ ቁጥር እመርቅዎታለሁ። የዚያን ጊዜ ግን በር በሩን ነበር የማየው። የባሌ አሳዳሪ ይመጣል፣ ከጎኔ ይቀመጣል፣ አብሮኝ ያለቅሳል ብዬ። በሬው መጣ። እህሉ መጣ። እርስዎ አልመጡም።»

«ፈራሁሽ» አላት።

«እኔን?»

«ፊትሽን። ወንዙ ሞልቷል ብለው ሲልኩብኝ፣ ገበያው ሳያልፍ ተሻገሩ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። በምን ዓይኔ ልይሽ?»

እስቲ አስቡት። ሰውየው ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ድልድዩን ያየ ሁሉ ደግነቱን ያያል፤ እሱ ግን ድልድዩን ባየ ቁጥር የሚያየው ሌላ ነው።

ዘርፌ «አውቅ ነበር» አለችው።

«አውቀሽ?»

«አብረውት የነበሩት የዚያኑ ሳምንት ነገሩኝ። ቢመጡ ኖሮ እጮህብዎት ነበር። ምናልባት ካባዎን ይዤ እጎትትዎት ነበር። ከዚያ አብረን እናለቅስ ነበር፣ ይወጣልኝም ነበር። ስላልመጡ ይኸው እስከ ዛሬ እዚህ ጋ» ብላ ደረቷን መታች፣ «እዚህ ጋ ተቀምጧል።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጣሽልኝ?» አላት።

«በር በሩን እንደሚያዩ ስለማውቅ ነዋ!»

ሰውየው ይህን ጊዜ ፈነዳ። ስንዱ ከሞተች ጀምሮ ያላለቀሰው፣ ባይለየኝ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰው፣ አንድ ላይ ወጣ። ዘርፌም አለቀሰች። ስንዱን አይደለም፣ ስንዱን አታውቃትም፤ የራሷን ባል ነው ያለቀሰችው። ምን ችግር አለው? ለቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን ነው የሚያለቅሰው፤ ዋናው አብሮ መሆኑ ነው።

አሽከሩ እንደ ልማዱ ማዕድ ይዞ ገባ። አስቀመጠ፣ እጅ ነሣ፣ ሊወጣ ሲል ዘርፌ «ውኃ አምጣ» አለችው። እጇን ታጠበች። እንጀራውን ቆረሰች፣ በወጡ አራሰች፣ ጠቀለለች።

«በሞቴ» አለችው።

«አልበላም።»

«አፈር ስሆን።»

«ተይኝ አልኩሽ፣ አልበላም!»

አሁን ልብ በሉ። ይህች ድሃ ሴት እጇን እንደ ዘረጋች ምን አለች? «እንግዳወርቅ፣ ብላ! በባይለየኝ ነፍስ ይዤሃለሁ!» አለችው።

አሽከሩ በር ላይ ክው ብሎ ቀረ። ነጋድራስን በስማቸው! አንተ ብላ! ምድር ተከፍታ ትውጣታለች ብሎ ጠበቀ። ሰውየው ግን እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ። በላ። ለቅሶው ሳይቆምለት፣ ጉርሻው ከእንባው ጋር እየተቀላቀለ በላ።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። እናንተም ደስ ብሏችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዱ ነበር። ግን አሮጊቷ የነገረችኝን ቆርጬ አላስቀርም።

«ነጋድራስ እህል ቀመሱ!» የሚለው ዳሱ ውስጥ ሲሰማ ሰዉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ተራ በተራ ገቡ። ዳኛው ገባ፣ የነፍስ አባቱም ኩርፊያቸውን ትተው ገቡ። «እንኳን እህል ቀመሱልን» አሉ፣ እጅ ነሡ፣ ተመልሰው ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። ጎኑ የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም።

እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መላኩን ትቶ መሄድ ጀመረ። ለቅሶ ሲሰማ በእግሩ ይሄዳል። አንዲት ድሃ ባሏ ሞቶ ጎጆዋ ገባ። ወንበር አመጡለት፤ ወንበሩን ገፍቶ መሬት ተቀመጠ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ተነሥቶ ቆመ! «ነጋድራስ መሬት ተቀምጠው እኛ እንዴት እንቀመጣለን?» አሉ። ሐዘንተኛዋ ራሷ፣ ስታለቅስ የሰነበተችው ሴትዮ፣ ምሰሶ ይዛ ቆመች። እሱ «ተቀመጡ፣ በእግዜር ተቀመጡ» ይላል፤ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ምን አደረገ? ሐዘንተኛዋ እንድትቀመጥ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየለቅሶው እንዲሁ ሆነ። ይገባል፣ ይነሡለታል፣ እነሱ እንዲቀመጡ እሱ ይወጣል። ብቻውን ድልድዩን ተሻግሮ ይመለሳል።

የሚቀመጥበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የዘርፌ ቤት። እዚያ ይበላል፣ እዚያ ይቆጡታል፣ እዚያ ይሳቅበታል። ይህን ያጫወተችኝ አሮጊት የዘርፌ የልጅ ልጅ ናት። «ጺማቸውን ይዘን እንጎትታቸው ነበር» አለችኝ። ግን ዘርፌ ቀደመችው። እሷ ከሞተች በኋላ ብዙ አልቆየም። በምን እንደ ሞተ የጠየቀ ሰው የለም፤ አርጅተው ነዋ ተባለ። አሮጊቷ ግን «ማዕዳቸው ሳይነካ መመለስ ጀምሮ ነበር አሉ» አለችኝ። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም።

ከተማው አለቀሰለት። መዋጮ ተዋጣ፣ ጠራቢ መጣ፣ ሐውልቱ ቆመ። ያውም ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ፤ ማንም አጠገቡ እንዳይደርስ ዙሪያውን በብረት አጠርንለት። አይ የኛ ነገር! በሕይወቱ ያደረግንበትን ሞቶም ደገምንለት። ጎኑ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ አልተውንም።

ጥቅስ ጠብቃችሁ ነበር አይደል? ጥቅሱንማ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የጎደለን ጥቅስ አይደለም።

እናንተ ውስጥ ሀብታም የለም፣ አውቃለሁ፤ ሙዳየ ምጽዋቱን ስከፍተው አይቼዋለሁ። ስለዚህ «ይሄ ታሪክ ለባለጠጋ ነው» ብላችሁ እንዳትገላገሉ። የመላክ በሽታውን ሁላችንም ይዞናል። ድሮ በሬ ነበር የሚላከው፤ አሁን በስልክ ነው። ጓደኛችሁ እናቱ ሞታበት ምን አደረጋችሁ? የሻማ ሥዕል ላካችሁ። «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ሁለት እጅ ጨመራችሁበት። ትንሽም ብር አስተላለፋችሁ። ደግ ነው፣ ብሩ ይጠቅመዋል። እሱ ግን የዚያን ቀን ማንን ሲያይ ዋለ? በሩን አይደለም?

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። የምናከብራቸው ሰዎች አሉ። ከፍ ያደረግናቸው። «እሳቸውማ ብርቱ ናቸው፣ እሳቸውማ ሰው አያጡም፣ እኔ ማን ሆኜ ነው ቤታቸው የምሄደው?» የምንላቸው። ሐኪሙን «አይዞህ» የሚለው ማን ነው? ለሁሉ የምትደርሰውን ሴትዮ ማን ይደርስላታል? አክብሮት ደግ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም። ከአክብሮት ጋር ግን ፍርሃት አለ፤ ከፍርሃት ጋር ስንፍና አለ። እኛ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠቅልለን «አክብሮት» እንላለን። የተከበረው ሰው ደግሞ እልፍኙ ውስጥ ይራባል።

ሩቅ አልሂድ። ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት አስካለ፣ ዛሬ ልደፍርዎት ነው። ይቆጡኝ፣ ግድ የለም፤ በአለንጋም ገርፈውኝ ያውቃሉ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ወገኖቼ፣ መምህርት አስካለ የፊተኛው መስመር ላይ ተቀምጠዋል። ከዚህ ጉባኤ ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። አንዲት ልጃቸውን ቀብረው አርባዋ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ሁላችሁም ቀብሩ ላይ ነበራችሁ፣ አይቻችኋለሁ። አሁን ቀኝ ወንበራቸውን እዩት። ባዶ። ግራውን እዩት። ባዶ። ከኋላ ደግሞ እናንተ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቆማችኋል! እግራችሁ እየዛለ፣ ወንበር እያያችሁ፣ «ከመምህርት ጎንማ!» ብላችሁ ቆማችኋል። ክፉ ሆናችሁ ነው? አይደለም። አከበራችኋቸው። ይኸው ባከበራችኋቸው መካከል ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አያችሁ? እኔ ከዚህ ወዲያ ምን እላለሁ?

አንቺ፣ አዎ፣ አንቺ ሕፃን የታቀፍሽው። ነይ፣ እዚያ ተቀመጪ። «ምን እላቸዋለሁ» እያልሽ ነው? ምንም አትበይ፣ ልጁን ስጫቸው። አንተስ ጎረምሳው? በግራ በኩል። ጎንበስ አትበል፣ እጅ አትንሣ፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ።

ኧረ ቀስ! ቀስ በሉ፣ ሁላችሁም በአንዴ አትነሡ! ዛሬማ ቤታቸው መቆሚያ አይኖረውም፣ አውቃችኋለሁ፤ መምህር ተናግሯልና እንጀራ ተሸክማችሁ ትጎርፋላችሁ። የዛሬው አላሳሰበኝም። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ማክሰኞ ነው። ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ሲሆን፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ያ ምሳ ሲቀርብ፣ ማክሰኞ ማን ይሄዳል?